ሰው ያለው ሕመምተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ መባሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ዕለት ወንጌሉ ተነቦ ስንወጣ አብዛኞቻችን ይዘነው የምንሄደው ተአምሩን ነው፤ ይኸውም 38 ዓመት የታመመ ሰው በአንዲት ቃል መነሣቱን፣ አልጋውንም ተሸክሞ መሄዱን ነው። ስለ ተአምሩ መምህራኖቻችን በየዓመቱ በሰፊው ያስተምሩናልና እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ተአምሩ የተደረገበትን ቤት ነው።

ቤቱ ተራ ቤት አልነበረም። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ፣ ለቤተ መቅደሱ ቅርብ በሆነ ስፍራ የተሠራ፣ አምስት መመላለሻ ያለው ነው። ቦታውን ቆፍረው የመረመሩ ሊቃውንት ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ጎን ሁለት ታላላቅ የውኃ ገንዳዎች አግኝተዋል፤ በዙሪያው አራት፣ በሁለቱ ገንዳዎች መካከል ደግሞ አንድ መመላለሻ ቢቆጠር አምስት ይሞላል። የስሙም ትርጓሜ የምሕረት ቤት ነው ይላሉ። እንግዲህ ጣራ አለ፣ ውኃ አለ፣ መልካም ስም አለ፤ ዕውሮችም አንካሶችም ሰውነታቸው የሰለለም በብዛት ተኝተውበታል። ለሕመምተኞች ከዚህ የተሻለ ቤት ከወዴት ይገኛል? ጌታችን ግን ያንን ሰው በጠየቀው ጊዜ ሰውየው የመለሰው ስለ ጣራውም ስለ ውኃውም አልነበረም። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው።

እስቲ ልብ እንበል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዚያ በር ለበዓል የሚወጣ፣ ለመሥዋዕት በግ የሚነዳ፣ ለጸሎት የሚቸኩል ስንት ሕዝብ አልፏል? ከሚያልፉትም ውስጥ አይቶ ያዘነለት፣ ምናልባትም ምጽዋት የጣለለት አይጠፋም። ሰው የሆነለት ግን አልነበረም። ስለዚህ አንድ መጦሪያ ወይም ማገገሚያ ቤት አያያዙ ደኅና ነው አይደለም ብለን ስንመዝን መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ከመጻጉዕ አፍ የወጣው ነው፤ እዚህ የተኛው ሰው ሰው አለው ወይ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ቸሃ እንመለስ። በእኛ ዘንድ የሽማግሌና የአሮጊት መጦሪያ ከጥንት ጀምሮ ጎጆው ነው። አባት ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ በዙሪያቸው ነው። ከጓሮ ያለው እንሰት ቀለባቸው ነው። ይሁን እንጂ የጉራጌ ልጅ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ መሄድ ከጀመረ ስንት ትውልድ አለፈ! ወንዶቹ ሄዱ፤ ኋላም ሴቶቹ ተከተሉ። ቤቱን ጠብቃ የቀረችው ብዙ ጊዜ አንዲት ምራት ወይም ያላገባች ልጅ ናት።

መስቀል ሲደርስ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወልቂጤና እምድብር በመኪና ይጨናነቃሉ፤ ሰንጋው ይጣላል፤ ክትፎው ይዘጋጃል። አባት ወደ መካከል ወጥተው ይመርቃሉ፤ አሜን እንላለን። ከዚያ በኋላስ? ከአዲስ አበባ የመጣው ታላቅ ወንድም እናቱን ትኩር ብሎ ያይና «ምነው እማዬ እንዲህ ከሳች? ምን እየሰጣችኋት ነው?» ይላል። በዓመት አንድ ቀን የሚያስችል ዳኛ! የተጠየቀችው ምራት እንሰት ስትፍቅ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ ውላ በሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሣች አማቷን ደግፋ ወደ ውጭ የምታወጣ ናት። ለእርሷ ማን ሰው ሆነላት? እናቱን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የልጅ ወግ ነው። ነገር ግን ሚዛን ይዞ የሚመጣ ሰው ራሱም በሚዛኑ ላይ መቆም አለበት።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በዚህ ዐይን እንመልከተው። ዘይቱንና ወይኑን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የእንግዶች ማረፊያውን ባለቤት ግን እንረሳዋለን። ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ ማረፊያ ወስዶ እዚያ ጥሎት አልሄደም። የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱ አስታመመው። ማስታመም ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ካወቀ በኋላ ነው በማግሥቱ አደራውን ለሌላ ሰው የሰጠው። ሁለት ዲናርም ከፈለ፤ ከወይኑ አትክልት ምሳሌ እንደምንረዳው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። ከዚህም በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ቃል ገባ። የማረፊያው ባለቤት የሚመለስ ሰው እንዳለ ያውቃል። ቁስለኛውም በማያውቀው ቤት ቢተኛም ሰው አለው። ካህኑና ሌዋዊው ያለፉትን ስንወቅስ፣ ከፍለን የማንመለሰውን ደግሞ ምን እንበለው?

እዚህ ላይ ከልቤ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። አገራችን ሰውን ሲመርቅ ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ ይላል። መቅበሩን በሚገባ አደራጅተነዋል። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጸሐፊና ዳኛ አለው፤ ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል። ሟቿ ግን ከመሞቷ በፊት ሁለት ዓመት ተኝታ በነበረ ጊዜ ሳይጠይቃት ለቀረ ሰው ቅጣት የተጻፈበት ደንብ ስንት እድር አለው? አንዳንድ እድሮች አረጋውያንን መርዳት መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው። በጠቅላላው ግን ቀባሪው በመዝገብ ሲጠራ ጧሪው ለዕድል ተትቷል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ሰው አባቱን ወይም እናቱን ወደ መጦሪያ ሊያስገባ ቢያስብ፣ ወይም እኛ ሕመምተኛ ልንጠይቅ ብንሄድ፣ ዐይናችን የት ይረፍ? የግድግዳው ቀለምና በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ አይነግረንም። ወደ አልጋው እንቅረብ፤ ፈቃድ ጠይቀንም ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል ገለጥ እናድርግ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲቆይ ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨምቆ ደም ያጣል፤ ቆዳው መልኩን ይለውጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ በመጨረሻም እስከ አጥንት የሚደርስ ቁስል ይሆናል። ይህ ቁስል በተለይ የሚወጣው በተረከዝ፣ በዳሌ ጎንና ከወገብ በታች ባለው አጥንት ላይ ነው። መቅላቱ በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ከተገኘ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። ነርሶች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ እንደሚገባ ተምረዋል፤ ያውም ሌሊቱን ጭምር። ስለዚህ ቀን የመጣ ጎብኚ የሌሊቱን አያያዝ ለማወቅ ቢፈልግ ተረከዙን ይይ። ቀን ቀን ሰው ስለሚያይ ሁሉም ደግ ነው።

ቀጥሎ የውኃ ኩባያው የት እንደተቀመጠ እንይ። ኩባያው ሞልቶ ከእጅ ርቆ የተቀመጠ እንደሆነ ማታም እንደዚያው ሞልቶ ይገኛል። ምርኩዙ ከአልጋው አጠገብ ነው ወይስ ከበሩ ኋላ? ጥፍሩ ተቆርጧል? ጥርስ ለሌላቸው እናት ደረቅ ቆጮ ሰጥቶ «አልበላም አሉ» ማለት ምግብ መስጠት አይደለም። በአገራችን የቡላ ገንፎ ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ለአራስም ለሕመምተኛም እንደሚሆን እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል። ሲበሉም ቀና ብለው ተደግፈው ይቀመጡ፤ በጀርባ ተኝቶ የሚጎርስ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አጉራሹም አይቸኩል፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይዋጥ ሁለተኛውን የሚያቀርብ እጅ ሌላ ጉዳይ ያለበት እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አፉን እንስማ። አስታማሚው ሽማግሌውን ምን ብሎ ይጠራቸዋል? አባባ ነው፣ በስማቸው ነው፣ ወይስ «ያ ስድስተኛ አልጋ ላይ ያለው»? ትናንት በሸንጎ ተቀምጠው ነገር የቆረጡ ሰው ዛሬ ሰውነታቸው ስለደከመ ብቻ አንቱታቸው ይነሣል? በራሳቸው ላይ ተሻግሮ ስለ እርሳቸው ማውራትም እንዲሁ ነው። መጻጉዕ የምንለው ሰው እንኳ ስሙ መጻጉዕ አይደለም፤ ቃሉ በግእዝ በደዌ የተያዘ ሰውን የሚያመለክት ነው። እስከ ዛሬ በበሽታው እንጠራዋለን። ጌታ ግን በቀረበው ጊዜ ስለ እርሱ ሌሎችን አልጠየቀም፤ ራሱን ጠየቀው፤ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ፈቃዱን ጠየቀ።

ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድሆችና ለሕመምተኞች ታላቅ ቤት ባሠራ ጊዜ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ያመሰገነው ስለ ሕንፃው ብቻ አይደለም። ጳጳስ ሆኖ ሳለ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እንደ ወንድም ቀርቦ እየሳመ ሰላምታ መስጠቱን ነው ያነሣለት።

የሕመምተኛ ቅሬታ እንዴት ይሰማል የሚለውም አንድ ትልቅ መፈተኛ ነው። በሐዋርያት ሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ በየቀኑ ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ ተባሉ ተብሎ ማንጐራጐር ተነሣ። ሐዋርያት «የተሰጣችሁን አመስግኑ» ብለው አልተቆጡም፤ አጉረምራሚዎቹንም ከማዕድ አላስወጡም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው ቅሬታ ካቀረበው ወገን ለሆኑ ሰዎች የተሰጠ ይመስላል። እንግዲህ «እኛ ዘንድ አንድም ቅሬታ የለም» የሚል ቤት ቢያጋጥማችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ፤ ሕመምተኞቹ መናገር ይፈሩ እንደሆነ በቀስታ ጠይቁ።

በአዲስ አበባ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተጀመረው ይህ ማዕከል ከየጎዳናው ያነሣቸው ወገኖች ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው የማዕከሉ መፈክር መጻጉዕ ለጠየቀው ነገር የተሰጠ መልስ ይመስላል። ብዙዎች ልደታቸውንም ሠርጋቸውንም እዚያ ሄደው ከአረጋውያኑ ጋር ያከብራሉ። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ሰው የሚታጠበው፣ የሚላጨው፣ ልብሱ የሚለወጠው በየቀኑ ነውና በዓል ባልሆነ ረቡዕ፣ ፎቶግራፍ አንሺ በሌለበት ሰዓት የሚመጣ እጅ ይበልጥ ይፈለጋል።

ወደ ወረዳችን ስንመለስ አጣጥ ሆስፒታልን እናገኛለን። በ1969 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የመሠረቱት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ መውለጃቸው የደረሰና የሚያሰጋቸው እናቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ በግቢው ተጀመረ። መጦሪያ አይደለም፤ አያያዝ እንዴት እንደሚመዘን ግን ያስተምረናል። ቤቱ ጠቅሟል ወይ የሚለውን በግምት አልተዉትም፤ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለው የ22 ዓመት መዝገብ ተመርምሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በእነዚህ ዓመታት በሆስፒታሉ ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805ቱ በማረፊያው ቆይተው የወለዱ ናቸው። በቀጥታ ከመጡት መካከል በ100,000 ሕያው ልደት 1,333 ያህል እናቶች ሲሞቱ በማረፊያው ከቆዩት ግን 90 ያህል ናቸው። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ደግሞ በቀጥታ ከመጡት ከ1,000 ልደት 191፣ ከማረፊያው 18 ያህል ነበሩ። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ በሸክም የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለማረፊያው ብቻ መስጠት አይገባም። ያም ሆኖ ማረፊያው የሰጠው ነገር ግልጽ ነው፤ ምጡ በጀመረ ሰዓት የሚያይና የሚያነሣ ሰው በቅርብ መኖሩ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኛን ወጣቶችን የሚመለከተን በቡኢ ከተማ ዙሪያ ባለው በሶዶ ወረዳ የተሠራው ሥራ ይመስለኛል። በቡታጅራና በሶዶ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ በቤታቸው በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩ ሕመምተኞች እንዳሉ መዝግበዋል። ያሰሯቸው ጠላቶች አልነበሩም፤ ልጃቸው ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይጎዳ የፈሩ፣ እያለቀሱ የሚያስሩ እናትና አባት ናቸው። ቤት ሁሉ የምሕረት ቤት አይደለም የምለው ስለዚህ ነው፤ ቤተሰብም ብቻውን ሲቀር ሰንሰለት ያነሣል። በኋላ ሐኪሞች ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ወደ ሕመምተኞች ቤት ለአንድ ዓመት ያህል እየተመላለሱ ከቤተሰቡ ጋር እንዲነጋገሩ፣ ሕመምተኛውንም ወደ ዕለት ሥራውና ወደ ጎረቤት እንዲመልሱ ተደረገ። በ166 ሰዎች ላይ የተደረገው የዚህ ጥናት ውጤት በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከጤና ጣቢያው መድኃኒት በተጨማሪ ሰው ይመላለስላቸው የነበሩት መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል።

ማገገም ማለት ይህ ነው፤ መተኛት አይደለም። ጌታ ለመጻጉዕ አልጋውን አልተሸከመለትም፤ ራሱ እንዲሸከም አዘዘው። በእኛ ቤት ፍቅር የሚገለጠው ሁሉን በመሥራት ነው። እናት ግማሽ ጎናቸው የሰለለ እንደሆነ አስተኝተን እናጎርሳቸዋለን፣ እናለብሳቸዋለን፣ «አይድከሙብን» እንላለን። በዚህ መካከል መገጣጠሚያቸው ይደርቃል፣ ጡንቻቸው ይመነምናል። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በየዕለቱ ደግፎ ማስቀመጥ፣ ደግፎ ማቆም፣ ማንኪያውን በደከመው እጅ ማስያዝ ይገባል። ገንፎው በልብሳቸው ላይ ይፈስሳል፤ ልብስ ይታጠባል። ስለዚህ በማገገሚያ ቤት ሽማግሌው ከባለፈው ወር ይልቅ ዛሬ በራሳቸው የሚሠሩት አንድ ነገር ጨምረው እንደሆነ ጠይቁ። ዳግም መራመድ የማይችሉ ቢሆኑም ፊታቸውን ራሳቸው መታጠባቸው ትልቅ ነገር ነው።

ምስጋናን ለሚጠብቁ ደግሞ አበው የሚተርኩትን ላስታውስ። ይህ የዳነው ሰው በኋላ ጌታችንን በሐና ፊት በጥፊ የመታው ነው ይላሉ። ጌታም ይህን እያወቀ አዳነው። ያረጀና የታመመ ሰው ይነጫነጫል፤ አንዳንዱ ይሳደባል፤ አእምሮው የደከመውም ያጎረሰውን እጅ ይገፋል። ይህን በቤቷ ለዓመታት የተሸከመች ምራት ትምህርት አያስፈልጋትም፤ እረፍት ነው የሚያስፈልጋት።

በበኩሌ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ብዙ ሆነን በዓመት አንድ ቀን ሃያ ቤት ከምናዳርስ ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ አንድ ቤት እንያዝ፤ በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ ወደዚያው ቤት እንመለስ። ሳሙና፣ ጥፍር መቁረጫና ምላጭ ይዘን እንሂድ። ሽማግሌውን ወንዶች፣ አሮጊቷን ሴቶች ይጠቡ። እኛ እዚያ ባለንበት ሦስት አራት ሰዓት አስታማሚዋ ትተኛ፣ ወይም ገበያ ትሂድ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ትሳለም፤ የት ነበርሽ ብሎ የሚጠይቃት አይኑር። በአንድ ደብተር የተረከዙን ቆዳ፣ የተበላውን፣ ስንት እርምጃ እንደተራመዱ እንጻፍ፤ ቁስል ካየን በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር። ለመስቀል የሚመጡት ወንድሞቻችንም «እማዬ ለምን ከሳች» ብለው ሲጠይቁ ደብተሩን ዘርግተን እናሳያቸው። የሳሙናውን ዋጋና የምራቲቱን የአንድ ሌሊት ተራም እነርሱ ይቻሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።